ሳትሰሚ የደረሰሽ ቲኬት

ውድ ተናኘ፣

ደብዳቤውን ቀደሽ ሳትጥዪ እስከዚህ ከደረስሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ስልኬን እንደማታነሺ ስለማውቅ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ። አልወቅስሽም፤ ዓመት ከአምስት ወር ዝም ያልሽኝ ሳታስቢበት አይደለም። ዛሬ ግን የምለምንሽ አንድ ነገር አለ፤ ከነገ ጠዋት ካለፈም አይጠቅመኝም። ያጠፋሁትን ሳልናዘዝ ልለምንሽ ደግሞ ፊት የለኝም። ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ። ጽሕፈት እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ስጽፍ የኖርኩት የመንገደኛ ስምና የበረራ ቁጥር ነው።

ደክሞኛል ተናኘ። እንድታዝኚልኝ ብዬ አይደለም፤ ያለሁበትን ልንገርሽ ብዬ ነው። ቢሮዬ አሁንም እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከፀጉር ቤቱ በላይ ነው። የበሩ ደወል ከተበላሸ ቆየ፤ አላሠራሁትም። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበር ጠፍቶ ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ ወረፋ ትጠብቂ ነበር። አሁን ሰው ይመጣና ዋጋ ይጠይቀኛል፤ እኔ ኮምፒውተሩን ሳይ እሱ ስልኩን ያያል። “ልዑሌ፣ እዚህ ላይ እኮ ይቀንሳል” ብሎ ስልኩን ወደኔ ያዞረዋል። ብቀንስለትም “እሺ፣ ላስብበት” ብሎ ይወርድና መኪናው ውስጥ ሆኖ በስልኩ ይገዛል። በሳምንቱ ቲኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ አልገጥም ሲለው ይደውልልኛል። “አንተ ታውቅበታለህ፣ እባክህ አስተካክልልኝ” ይላል። ሰዎቹን አልጠላቸውም። እኔም ራሴ የመኪናዬን ጎማ በስልክ ነው የምገዛው።

አንቺ ግን እንደዚያ አልነበርሽም። ዲቪ ደርሶሽ በመጣሽ በሦስተኛው ዓመት የመጀመሪያ ቲኬትሽን ቆረጥኩልሽ፤ ከዚያ ወዲህ ዋጋ ስንት ነው ብለሽ እንኳ ጠይቀሽኝ አታውቂም። አንድ ቀን፣ “ለመሆኑ ሌላ ቦታ አጠያይቀሽ ታውቂያለሽ?” ብልሽ፣ “ሰው በየዓመቱ የነፍስ አባት ይቀይራል እንዴ?” ብለሽ ሳቅሽብኝ። ለጥምቀት አገር ቤት የሚሄደውን የሰፈርሽን የስካይላይንን ሰው ሁሉ አንቺ ነበርሽ የምትሰበስቢልኝ። የሠላሳ ሰው ፓስፖርት በፌስታል ቋጥረሽ፣ አውቶቡስና ሜትሮ ለዋውጠሽ ታመጪልኝ ነበር። “መንግሥት ቢይዝሽ ምን ትያለሽ?” ስልሽ “የልዑሌ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ እላለሁ” ትዪኝ ነበር።

እናትሽ እማማ ጌጤነሽ አንቺን ሊጠይቁ የመጡ ጊዜ ዊልቸር እንዲጠብቃቸው በየኤርፖርቱ የደወልኩት እኔ ነበርኩ። ከገቡ በኋላ “ያንን ልጅ አሳዩኝ” ብለው ደረጃውን በሁለት ሰው ተደግፈው ወጡ። ኮምፒውተሬን እያዩ “ያመጣችኝ ይቺ ሣጥን ናት?” አሉ። አዎ ብላቸው ሣጥኗንም እኔንም መረቁን። የሃምሳ ሰው ያህል መረቁኝ። ያን ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ ነግሬሽ አላውቅም።

አሁን ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልጻፍ፤ ታውቂዋለሽ፣ ግን ከኔ አፍ ሰምተሽው አታውቂም። አገር ቤት ሰው ሲያርፍ እዚህ ካለው ልጁ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። ዘመድ ይደውልልኛል። “እሷ አልሰማችም፣ ነገ ሊነጋጋ ሲል እናረዳታለን፣ እስከዚያ ቲኬቷ ይዘጋጅ” ይለኛል። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቄስ ተይዞ፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይወጣ መርዶ ይነገራል። ያለቀሰ ሰው ስለ ቲኬት አይጨነቅም፤ በዚያው ቀን ይሳፈራል። እኔ ያንን ቲኬት ቆርጬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ አፌንም አብሬ እቆልፈዋለሁ። አንድ ጊዜ አባቱ ካረፉ ሁለተኛ ቀናቸው የሆነ፣ እሱ ግን ገና ያልሰማ ሰውዬ ሥጋ ቤት አገኘኝና ምሳ ጋበዘኝ። ምን ላድርግ፤ አብሬው በላሁ። የፈረንጅ ድረ ገጽ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ ይህን አያውቅበትም እያልኩ ስመካ ነው የኖርኩት።

ሰው እየሳሳ ሲሄድ ልጄ ዮሐና መከረችኝ። እሷ አርሊንግተን በአንድ ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ደንበኛ እንዴት እንደሚያዝ የምታጠናው እሷ ናት።

“ዳዲ፣ ሰው እኮ አሁን ሎያል አይደለም። ቴክስት ካላደረግሃቸው ይረሱሃል” አለችኝ።

“ተናኘ አትረሳኝም።”

“ተናኘ ዋን ፐርሰን ናት፣ ዳዲ። ፖይንት ስጣቸው። አምስቴ የሄደ ሰው ሻንጣ በነፃ። በርዝዴያቸውን ዊሽ አድርግ። ኢትስ ኦል ኦቶማቲክ፣ አንተ ምንም አታደርግም።”

“የለቅሶውስ?” አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። የመሳቢያውን ነገር ሳስረዳት አባቷ ምን እንደሚሠራ ያን ቀን ገና የሰማች ትመስል ነበር። በሁለተኛው ቀን ተመልሳ መጣችና መልእክት በራሱ የሚልከውን ፕሮግራም ኮምፒውተሬ ላይ ጭና፣ እሱ ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን አሳየችኝ። “ይቺን ክሊክ ካደረግህ ለመንገደኛው ምንም አይልክለትም” አለችኝ። ሦስት ጊዜ አሠራችኝ። ይህን የምጽፍልሽ፣ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ “ልጄ ያስገባችው ፕሮግራም ነው ያዋረደኝ” ስል ስለከረምኩ ነው። ልጄ የድርሻዋን አድርጋ ነበር።

ሐሙስ ቀን ነበር። ወንድምሽ ወንድሜነህ ከግሪንቤልት ደወለልኝ። “ልዑሌ፣ እማዬ አርፋለች” አለኝ። የራሱም እናት ናቸውና ድምፁ ተሰባብሮ ነበር። “ተናኘ አልሰማችም። ነገ ጠዋት ሰው ይዤ እገባለሁ። ለነገ ማታ የሷንም የኔንም አድርግልን። ልጇ ኤፍራታ የእናቷን ፓስፖርት ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። አደራ፣ ልዑሌ። አደራ።”

በዚያች ሰዓት ፊት ለፊቴ አንድ ሰውዬ ተቀምጦ ነበር፤ ለቤተሰቡ አራት ቲኬት የሚፈልግ። ከኔ ዋጋ የሚቀንስ ስልኩ ላይ አግኝቶ ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቷል። እኔ በእጄ ስምሽን እየጻፍኩ በአፌ እሱን እለምናለሁ። “ቁጭ በል እንጂ፣ ምን አስቸኮለህ፣ እቀንስልሃለሁ” እለዋለሁ። የናትሽን ሞት በሰማሁ በአምስተኛው ደቂቃ ተናኘ። ዮሐና ያሳየችኝን ትንሽ ሣጥን ሳልነካ አለፍኩ። ሰውዬው አመስግኖኝ ወጣ፤ አልገዛኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ ስሰማ ነው ያደግሁት፤ በራሴ ሲደርስ ግን ወዲያው አልታወቀኝም።

አንቺ ሥራሽ ላይ፣ ኤርፖርት፣ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ በዊልቸር እየገፋሽ ሳለ ስልክሽ ጮኸ። የተላከልሽን በኋላ አንብቤዋለሁ። “ውድ ተናኘ፣ ነገ ማታ ወደ አዲስ አበባ ስለሚያደርጉት ጉዞ እንኳን ደስ አለዎት! ታማኝ ደንበኛችን በመሆንዎ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነጥብ አግኝተዋል” ይላል። መጨረሻው ላይ ትንሽ የአውሮፕላን ሥዕል አለበት።

ደወልሽልኝ። መጀመሪያ እየሳቅሽ ነበር።

“ልዑሌ! ነገ ወዴት ነው የምሄደው? ሳትነግረኝ ልትድረኝ ነው እንዴ?”

አብሬሽ አልሳቅሁም። ያንን ሰማሽ፤ ያንቺም ሳቅ ቆመ።

“ልዑሌ፣ ማን ሞተ?”

“ኧረ ምን በወጣሽ! ሲስተሙ ነው ያበደው። ለሰው ሁሉ ነው የላከው፣ ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ሳነሳ ነው የዋልኩት።”

“ማርያምን በል።”

“ማርያምን።”

“እፎይ! ነፍሴን እኮ ነው የመለስክልኝ። ቆይ ብቻ፣ ቅዳሜ መጥቼ ያንን ኮምፒውተርህን በመስኮት ነው የምወረውርልህ” አልሽኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከኤፍራታ ነው የሰማሁት። በደስታ ለሥራ ጓደኞችሽ ሁሉ ዶናት ገዛሽላቸው አሉ። ቤት ገብተሽ የኔን ኮምፒውተር እያማሽ ልጅሽን አሳቅሻት፤ እሷ ደግሞ ማወቋን እንዳታውቂባት መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ አለቀሰች። ጠዋት ወንድምሽ በሩን ሲያንኳኳ ገና ሳታዪው ነገሩ ገባሽ። “ልዑሌ ማርያምን ብሎልኛል እኮ!” እያልሽ ነው አሉ የጮኽሽው። ይህን ስትዪ ደረጃው ላይ የቆሙት ሽማግሌዎች ሁሉ ሰምተዋል።

ከአርባው መልስ ቢሮዬ መጣሽ። ጥቁር ለብሰሻል፣ ፊትሽ ጠቁሯል። ቁጭ በይ ብልሽ አልተቀመጥሽም። የተናገርሽውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። “መርዶ ሲሉህ አፍህን መዝጋትህ ወግ ነው፣ በዚያ አልቀየምህም። ቴክስቱም ስህተት ነው፣ ይሁን። ማርያምን በል ስልህ ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ብትዘጋው ምን ነበረበት? ይገባኝ ነበር እኮ። እናቴ ተገንዛ ተኝታ እኔ ዶናት ሳድል ዋልኩ” አልሽኝ። ተንበርክኬ ይቅርታ ልጠይቅሽ አሰብኩ፣ አፈርኩ። ደረጃውን ስትወርጂ ሰማሁሽ፤ ቀስ ብለሽ ነበር የምትወርጂው።

በሚቀጥለው ጥምቀት የስካይላይን ሰው አልመጣም። አልጠየቅሁም። ያንን ፕሮግራም በማግሥቱ አጥፍቼዋለሁ፤ ዮሐናም ተቆጥታ አልተከራከረችኝም።

ወንድምሽ ግን አመሰገነኝ፤ ይህን ታውቂ እንደሆነ አላውቅም። “አደራዬን ጠበቅህልኝ፣ አንተ ባትምልላት ኤርፖርት መሐል ትወድቅ ነበር” አለኝ። ሽማግሌዎቹም እንደዚያው አሉኝ፤ አንድ ቄስ እንኳ ንስሐ ሰጥተው አጽናኑኝ። እኔም እንደዚያ ነው ያደረግሁት እያልኩ ስናገር ከረምኩ። ለአደራ ብዬ፣ ለወግ ብዬ፣ ላንቺው ብዬ ማልኩ አልኩ። ውሸት ነው ተናኘ። ማርያምን በል ስትዪኝ የታየኝ አደራው አልነበረም። የታየኝ አንቺ ደረጃውን ስትወርጂ፣ ከኋላሽ ያ ሁሉ የስካይላይን ሰው ተከትሎሽ ሲወርድ ነው። የናቷን ሞት ከኔ ማስታወቂያ ሰማች ብለው ሊያወሩ ነው ብዬ ፈራሁ። ደንበኛ እንዳይሄድብኝ ብዬ ነው በእመቤታችን የማልኩት። በዚያች ቅጽበት እናትሽ ትዝ አላሉኝም፤ ሣጥኔን የመረቁልኝ ሴትዮ ትዝ አላሉኝም። ይህን ለንስሐ አባቴም እንዲህ አድርጌ አልነገርኳቸውም። ላንቺ የመጀመሪያ ነው።

ይቅር በዪኝ። ተመለሺልኝ ማለቴ አይደለም፤ ቲኬትሽን ከፈለግሽበት ግዢ። እኔም ምናልባት በመጪው ክረምት ቢሮውን እለቃለሁ።

አሁን ልመናዬን ልጻፍ።

እናቴን በስም እንጂ በአካል አታውቂያትም። ደብረ ብርሃን ከታናሽ እህቴ ከህይወት ጋር ነው የምትኖረው፤ ዘጠና አልፏታል። በየቀኑ እደውላለሁ፤ የምታወራኝ ያንኑ ነው፤ በልተሃል ወይ፣ በረዶው ቆመ ወይ ትለኛለች። ከማክሰኞ ጀምሮ ግን ድምፅዋን አልሰማሁም። ማክሰኞ ስደውል ህይወት “ተኝታለች” አለችኝ። ረቡዕም ተኝታለች። ትናንት ስደውል ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። “ሰው አለ እንዴ?” ስላት “ቴሌቪዥን ነው” አለችኝ። ቴሌቪዥኑ ከተቃጠለ መንፈቅ አልፎታል፤ አዲስ ግዙ ብዬ የላክሁላቸው እኔ ነኝ፣ አልገዙም። “ህይወት፣ እውነቱን ንገሪኝ” ብላት “ኧረ ተው አታሟርት” ብላ ስልኩን ዘጋች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወንድሜነህ ደወለልኝ። ስለ ጤና ጠየቀኝ፣ ስለ አየሩ አወራኝ፣ ከዚያ “ለመሆኑ ነገ ወዲያ ጠዋት ቤት ነህ?” አለኝ። ምን ፈልገህ ነው ብዬ ብጠይቀው “ምንም፣ ዝም ብዬ ነው፣ ለጨዋታ” አለኝ። ስንቱን ሊያረዳ እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ እኮ፤ ከኔ ወንበር አጠገብ ቆሞ ነበር የሚደውለው። ዮሐናም ሳልጠራት ዛሬ እኔ ጋ እንደምታድር ነገረችኝ። “ምነው?” ብላት “ጀስት ቢኮዝ፣ ዳዲ” አለችኝና ዓይኔን ሳታይ ሳመችኝ።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ገብቼ የራሴን ስም ኮምፒውተሩ ላይ ፈለግሁት። የለም። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የኔን ከኔ አይገዙትማ። ከስልካቸው ላይ ይሆናል የቆረጡልኝ።

ምናልባት እናቴ በእርግጥ ተኝታ ይሆናል። ምናልባት ሥራዬ ነው እንዲህ ያደረገኝ፤ ብዙ ሰው እንዲህ ሸኝቼ ሁሉ ነገር መርዶ መሰለኝ። ግን ማንን ልጠይቅ? የማውቀው ሰው ሁሉ ያዝንልኛል፤ ስለዚህ ሁሉም ይዋሸኛል። እንዴት እንደሚዋሹም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። አንቺ ግን ልታዝኚልኝ ምንም ምክንያት የለሽም። እውነቱን የምትነግሪኝ አንቺ ብቻ ነሽ ብዬ ነው የመጣሁት። ወንድምሽን ደውለሽ ጠይቂልኝ፤ አንቺን አይዋሽሽም። ከዚያ ያለውን ንገሪኝ። ደህና ናት ካልሽኝ አምኜሽ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። አርፋ ከሆነም ንገሪኝ፤ ሰው ሳይሰበሰብ፣ ማንም ሳይዘኝ፣ እናቴን ለብቻዬ ትንሽ ላልቅሳት።

ይህን ስታነቢ ደብዳቤውን በሕንፃችሁ መግቢያ ዴስክ ላለው ሰው ሰጥቼ እታች ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ከሥራ እስክትገቢ፣ እስክታነቢውም እጠብቃለሁ።

ወግ አስፈረስኩ ብለሽ ደግሞ ስለ ወንድምሽ አትጨነቂ። ነገ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹን ይዞ ሲያንኳኳ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ከመኝታዬ ተነሥቼ እከፍትለታለሁ። “ምነው ወንድሜነህ፣ በደህና ነው?” ብዬም እጠይቀዋለሁ። አላሳፍረውም።

ልዑልሰገድ
ዓርብ፣ ከሰዓት በፊት፣ ስካይላይን